ለኪራይ ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

ኦስሎ፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 18 ቀን 2008

በስልክ ስሜን ስናገር ቤቱ ሁሉ ወዲያው "ተከራይቷል" ስለሚሆን፣ ዛሬ ልጅ ለትዳር እንደሚጠይቅ ሰው ጋሽ ተስፋይንና ጋሽ ኢድሪስን ሽማግሌ አድርጌ ሮምሶስ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ባለቤቴ በወሩ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ የማሳርፍበት ቤት የለኝም።

አከራይዋ በሩ ላይ አንድ በአንድ አየችን። "ሁላችሁም ልትኖሩበት ነው?"

ጋሽ ተስፋይ ክራባታቸውን አስተካክለው፣ "እኛ ለጠባዩ ዋስ ነን" አሏት።

"ተከራይቷል" ብላ ዘጋችው።

አብራን የመጣችው፣ እዚሁ የተወለደችው የእህቴ ልጅ ሳራ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ስሟን ሳትጠቅስ በዚያ በጠራ ኖርዌይኛዋ ደወለችላት። ቤቱ አልተከራየም፤ ነገ መጥተሽ እዪው ተባለች።

"አጎቴ፣ ብቻዬን ልሂድ?" አለችኝ።

"ሁላችንም ነን የምንሄደው" አሉ ጋሽ ተስፋይ። "ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ተብሎ ያውቃል እንዴ?"

ይኸው ክራባት ፍለጋ ሻንጣዬን እያተራመስኩ ነው።