ድምፅ አንባቢዋን ስላወጣኋት

ውድ ጋሼ፣

ባለፈው ማክሰኞ ድምፅ አንባቢህን፣ ያቺን የድሮ ኮድህን፣ ከላይብረሪው አወጣኋት። ይህን ለማን እንደምነግረው ግራ ገብቶኝ ሰነበትኩ። የቡድናችን ሰዎች በየአገሩ ተበታትነው የምንተያየው በስክሪን ብቻ ነው፤ እነሱም "ጥሩ ሠርተሻል" ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። አንተ ካረፍክ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቢሆንም ላንተ ነው የምጽፈው።

ቢሯችን እንደተውካት ናት። ታች ያለው ልብስ ሰፊ አሁንም ገና ከጠዋቱ የስፌት መኪናውን ሲያስነሣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይነዝራል። አከራዩ ወንበርህን እያየ "ሌላ ሰው ካልመጣ ልውሰደው?" ብሎኝ ነበር። "ይመጣል" አልኩት። ማን እንደሚመጣ እኔም አላውቅም። አንዳንድ ቀን አንድ ቃል ሳልተነፍስ እውልና፣ እናቴ ስትደውል ጉሮሮዬን ጠራርጌ ነው "ሄሎ" የምለው።

እሷ እንኳ እስከ ዛሬ ታነሣሃለች። "ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሩት?" ብላ ስትጨቀጭቀኝ ስልኩን ከእጄ ተቀብለህ ያስረዳሃት ቀን ትዝ ይልሃል? "ይኸውልዎት፣ ቤት ሲከራዩ በሩም መስኮቱም ቧንቧውም አብሮ ይመጣል አይደል? የፕሮግራሚንግ ቋንቋም እንደዚያው ነው። ሰው ቋንቋውን ሲወስድ ቀን የሚቆጥርለት፣ ስም በፊደል ተራ የሚደረድርለት፣ ፋይል የሚከፍትለት አብሮ ይሰጠዋል። መደበኛ ላይብረሪ የምንለው እሱን ነው። ልጅዎና እኔ እሱን እንሠራለን፣ ሲበላሽም እንጠግናለን" አልካት። እናቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "እና ልጄ የቧንቧ ሠራተኛ ናት በሉኛ!" አለችህ። ከዚያ ወዲህ ሥራ እንዴት ነው ማለት ስትፈልግ "ቧንቧው እንዴት ነው?" ነው የምትለኝ።

ድምፅ አንባቢዋ የዚያ ላይብረሪ አንድ ጥግ ነበረች። ኮምፒውተር ገና ዘገምተኛ በነበረበት ዘመን ሰዎች ድምፅ ያስቀምጡበት የነበረ የፋይል ዓይነት አለ፤ እሱን ከፍታ የምታነብ፣ በጎልማሳነትህ የጻፍካት ኮድ። እኔ ስቀጠር የሰጠኸኝ የመጀመሪያ ሥራ እሷ ላይ ነበር። አንዳንድ ፋይል ሲከፈት መጨረሻው ይቆረጣል። በራሴ ተማምኜ ገባሁበት፤ ከዚያ ጠፋሁ። ሊያለቅሰኝ ደርሶ ሳለ ወንበርህን ሳብ አድርገህ አጠገቤ ተቀመጥክ። "ተነሽ፣ እኔ ልሥራው" አላልከኝም። "እስቲ ምን እንዳሰብሽ ንገሪኝ" አልከኝና ነገሩን እኔው እያወራሁ እኔው አገኘሁት። ስናስተካክለው የኢርፎኑን አንድ ጆሮ ለኔ፣ ሌላውን ላንተ አድርገን ሰማነው። የበር ድምፅ ነበር። ሲጢጥ ብሎ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ያን "ቀጭ" ስንሰማ እንደ ሕፃን አጨበጨብክ። ከዚያ በኮዱ አናት ላይ ከስምህ ሥር ስሜን ጻፍክ። ሳላመሰግንህ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ለዚህ ነው ያን ያህል የተሟገትኩላት። በየስብሰባው "ይቺ ድምፅ አንባቢ ለምን አትወጣም?" ይሉ ነበር፤ እኔ እየዘለልኩ "አትነኩም!" እላለሁ። አንተ ጠረጴዛውን እያየህ "እሷ ትቆይ ካለች ትቆይ" ትላለህ። ትሕትናህ ይመስለኝ ነበር። የገዛ ልጅህን መከላከል አፍረህ ለኔ የተውከው እየመሰለኝ ይበልጥ ጮኽኩ። ካረፍክ በኋላማ የሚደፍረኝም ጠፋ።

ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር መጣ። አንድ የማላውቀው ሰው ጻፈልን፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፋይል ለድምፅ አንባቢዋ ከሰጧት፣ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ የሰውን ኮምፒውተር እንዳሻው ማዘዝ ይቻላል። ደፈንኩት። ሌላ ተገኘ። እሱንም ደፈንኩ፤ ሌላ። ቋንቋውን ለወሰደ ሁሉ እኮ ነው አብራ የምትሄደው፤ ለሐኪም ቤቱም፣ ለትምህርት ቤቱም፣ መኖሯን እንኳ ለማያውቀው ሁሉ። የሚጠቀምባት ካለ ይንገረን ብዬ በየቦታው ጠየቅኩ። አንድም መልስ አልመጣም።

የቡድናችንን አስተባባሪ ታውቃታለህ፣ ቃል አታለሰልስም። ያን ቀን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የሱ የእጅ ሥራ መሆኗን እናውቃለን። ከከበደሽ እኔ ላውጣት" አለችኝ።

"አይሆንም። እኔው ነኝ የማወጣት።"

ማጥፋቱማ ቀላል ነው። ካጠፋኋት በኋላ ሌላው የላይብረሪ ክፍል ሁሉ ደህና መሆኑን የሚፈትኑትን ፕሮግራሞች አስነሥቼ ቁጭ አልኩ። አንድ ነገር ቢሰበር ብዬ ተመኘሁ ጋሼ። የሆነ ቦታ አንድ ኮድ "የት ሄደች?" ብሎ ቢጮህ። ሁሉም አለፉ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ። ምንም አልጎደለም።

ቁጭ ብዬ መቆየት አቃተኝ። በዚያው ቤትህ ሄድኩ። ባለቤትህ እትዬ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነበር። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳልላት፣ "እትዬ፣ አወጣኋት። የጋሼን ድምፅ አንባቢ አወጣኋት" አልኳት።

"የቷን? ያቺን ነዝናዛ?" እጅዋን በቀሚሷ ጠረገች። "እሰይ! ተገላገለ!"

"እንዴት?"

"እሱ እኮ ሳይታመም ጀምሮ 'ጊዜዋ አልፏል፣ ነገ ሰው ላይ ጣጣ ታመጣለች፣ መውጣት አለባት' ሲል ነበር የሚያመሸው።"

"ታዲያ ለምን አላወጣትም? በእጁ ነበረች እኮ!"

"ላንቺ ብሎ ነዋ! አውጣትና ተገላገል ስለው 'ልጅቷ መጀመሪያ የሠራችው እዚያ ላይ ነው፤ ስትሟገትላት ብታዪያት! ባወጣት ቅር ይላታል' ይለኝ ነበር። አልነገረሽም?"

አልነገርከኝም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እንባዬ ተከተለው። እትዬ አላባበለችኝም። ከባልዲው አንድ ትልቅ አንሶላ ጎትታ "ያዢ እስቲ ጫፉን" አለችኝ። እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ እየጠመዘዝን ጨመቅነው። ውሃው እግራችን ላይ ፈሰሰ።

ስመለስ ቢሮው ጨልሞ ነበር፤ ልብስ ሰፊውም ዘግቶ ሄዷል። ሁለታችን እዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንት ዘመን ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን! እኔ ላንተ ብዬ ስከራከር፣ አንተ ለኔ ብለህ ዝም ስትል፣ ወንበራችንን ዞር አድርገን "ለምን?" ብንባባል ያልቅ ነበር። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለን አብረን እናወጣት ነበር፤ እንደ ልማድህ ትቀልድባት ነበር። የሚያንገበግበኝ ብቻዬን ማውጣቴ ነው።

እትዬ "እሑድ ነይ" ብላኛለች። እሄዳለሁ። አስተባባሪዋም ዛሬ "ደህና ነሽ ወይ?" ብላ ጽፋልኝ ነበር። "ደህና ነኝ" ብዬ ጀምሬ አጠፋሁትና፣ "አይደለሁም፤ ጊዜ ካለሽ ደውዪልኝ" ብዬ ላክሁላት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ጽፌ አላውቅም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እየጠበቅኩ ነው።

ደህና ሁን ጋሼ።

ባልደረባህ