ተማሪዎቼ በሬን ያንኳኩ ዕለት

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፦

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ «ነገ» ትላለች? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ከጤናው ሌላ ያለውን ግን «ደኅና ነኝ» ብዬ ላልፈው አልፈልግም፤ ላንቺ ምን እደብቃለሁ።

እዚህ ከተመደብኩ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። የምኖረው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ዓርብ ደወል ከተደወለ እስከ ሰኞ ጠዋት የገዛ ድምፄን የማልሰማበት ጊዜ አለ። ሰኞ ስም ስጠራ ጉሮሮዬ ይሻክራል፤ ተማሪዎቹ ጉንፋን የያዘኝ ይመስላቸዋል።

በፕሮጀክት እንድናስተምር ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። እንደምታውቂኝ ሳይጠሩኝ አቤት ባይ ነኝና ቀድሜ ገባሁበት። ለሰባተኛ ክፍሎቼ «ስለ ሰፈራችን ፕሮጀክት ሥሩ» ብዬ ሁለት ሳምንት ሰጠኋቸው። ያመጡትን ባየሽ! አንዱ ቡድን ከመጽሐፍ ቃል በቃል ገልብጧል፤ በሌላው አንዷ ስትለፋ አራቱ ስማቸውን ብቻ ጽፈዋል። ርዕሰ መምህሩ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን አይቶ «ወረቀት ጨረሳችሁ እንጂ ምን ተማሩ?» አለኝ። አንጀቴ አረረ፤ ግን እውነቱን ነው። የት እንደምንደርስ ሳላውቅ መንገድ ያስጀመርኳቸው እኔ ነኝ።

ወዲያው አንድ ነገር ሆነ። ከአጥራችን ጎን ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ሰዓት ጠጋኝ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ሦስት ቀን ማንም ሳያውቅ ቆዩ። ያገኛቸው የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ልጆቼ ግን ሌላ ወሬ አጡ። አንዱ «መምህር፣ በየቀኑ እኮ በበራቸው እናልፋለን» አለኝ። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ አብረን አንድ ጥያቄ ጻፍን፦ «ብቻውን የሚኖር ሰው ቢታመም ማን ያውቃል?»

ጥያቄውን አዲስ ፕሮጀክት አደረግነው፤ በዚህኛው ግን ዕቅዱን ከመጨረሻው ጀመርኩ። መጀመሪያ ሥራቸውን የሚሰሙት የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንዲሆኑ ወሰንኩ። ቀጥዬ ሥራቸውን በሚያቀርቡበት ቀን ምን ችለው መገኘት እንዳለባቸው ጻፍኩ፦ ቤት ለቤት የሚጠይቁትን ጥያቄ ማዘጋጀት፣ መልሱን በመቶኛ ማስላት፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን የሚያሳይ ካርታ መሣል። ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ አራት ሳምንት ሸነሸንኩት። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ድርሻ ሰጠሁት፤ ዓርብ ዓርብ የደረሱበትን ያሳዩኛል፤ የተበላሸው ሳይረፍድ ይታረማል። የሒሳቡ መምህር መጀመሪያ ቢያሾፍብኝም መቶኛውን ያስተማራቸው እሱ ነው። በር አንኳኩቶ ሰላምታ መስጠትን እንኳ ክፍል ውስጥ እየተሳሳቅን ተለማመድን።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስድስት ወር ሙሉ ከአከራዬ በቀር ያንን በር የነካው የለም። ስከፍት ሦስት ተማሪዎቼ ደብተር ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያለችው ጓደኞቿ «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ ናት፤ ቃል ስለማይወጣት ነው በሹፈት እንዲህ ያሏት።

«ምን ቸገራችሁ?» አልኳቸው።

«ምንም አልቸገረንም፤ ካርታችን ላይ እርስዎም አሉ» አለችኝ ሬዲዮ።

በቀይ ብዕር ያረምኩትን ጥያቄ ለራሴ አነበበችልኝ። «ቢታመሙ ማን ያውቃል?» «እህቴ» አልኩና ስልክሽን ሰጠኋት። ጻፈችው። «ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል?» አለች። «ሁለት ቀን» አልኳት። ብዕሯን ከወረቀቱ አነሳችና ትንሽ አስባ፣ «እንግዲያው ቅርብ ሰው ያስፈልግዎታል» አለችኝ። እታለም፣ ተማሪ ፊት ላለማልቀስ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ባለፈው ዓርብ ሥራቸውን አቀረቡ። ሃያ ሦስት ብቸኛ ሰው አግኝተዋል፤ ለእያንዳንዱም ጠዋት ጠዋት የሚያየው ፈቃደኛ ጎረቤት ፈልገዋል። ሰዓት ጠጋኙ በከዘራ መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩንም ሰኞ ዕለት ዕቅዴን አባዝቶ ለመምህራኑ ሲያድል አየሁት።

ለእኔ የደረሱኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሚስት ናቸው። ጠዋት በበሬ ሲያልፉ «ነቃሽ ወይ?» ይሉኛል፤ «አዎ» እላለሁ፤ ይሄዳሉ። ሌላ ጨዋታ የለንም። አልዋሽሽም፣ ኮቴያቸው ሲርቅ ክፍሏ ከበፊቱ ይልቅ ጭር ትልብኛለች። ቢሆንም ከመምጣታቸው በፊት ነቅቼ እጠብቃቸዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ የላከችልኝ ሥዕል ደርሶኛል፤ ትንሹን ጉንጩን ንከሺልኝ። ከግቢያችን ማዶ ያሉትን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በይልኝ። እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው አይደል? ስታልፊ አንኳኪላቸው። እኔ እዚያ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከክፍሌ
መጋቢት 14 ቀን