ድገመው ሲሉኝ

ለውዷ እህቴ ለእታለም ዲንባይ፣ ናቭሳሪ፤

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ የጓሮሽ ማንጎ ሳይቀር እንዴት ናችሁ? እኔ እዚህ ቦምቤይ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ እመኚኝ።

ቲያትር ቤታችን ተዘጋ። ሰዉ አሁን የሚናገር ፊልም ካልሆነ አያይም። እኛም ለፊልም ልንዘፍን ስቱዲዮ ገባን። ሃርሞኒየም ተጫዋቹን ካሜራው እንዳያየው ብለው የግቢው ቁጥቋጦ ውስጥ ጎልተውት ጉንዳን ይበላዋል! ትናንት ዘፍኜ ስጨርስ ድምፅ ቀጂው «ድገመው!» አለኝ። መቼም ታውቂያለሽ፣ መድረክ ላይ «ድገመው!» ካሉሽ ወደውሽ ነው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁ። ሁሉም በሳቅ አውካካ።

«ጋሼ ነሳርዋን፣ ሙገሳ እኮ አይደለም! ድምፅዎ ሻከረ» አለኝ፣ ያ ጢም ያላበቀለ።

«የሻከረው ማሽንህ ነው!» አልኩት።

ደገምኩት። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ አቧራ ጉሮሮዬ ገባ። እንደገና ስሞክር አሁንም አቧራ። አቧራው ዛሬ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል። ዓርብ ሌላ ዘፋኝ ሊሞክሩ ነው አሉ። ይሞክሩ!

አባዬ መዝፈን ሊያቆም አካባቢ እማዬ ለጉሮሮው ታፈላለት የነበረውን ያንን ጣፋጭ ሥር ላኪልኝ። አይቸኩልም፤ ግን በነገው ባቡር የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ለበዓል ስመጣ ግን «አጎቴ፣ ዝፈንልን» እንዳይሉኝ አደራ፣ ንገሪያቸው።

የቤትሽ እሳት አይጥፋ።

ወንድምሽ ነሳርዋን