ዋስ የሌለው ፈረሰኛ

ሰኞ

ዛሬም ወደቅሁ። ሦስት ጊዜ። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው በኋላ በኩል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከእንጅባራ ዳንግላ ሚኒባስ ያመላለስኩ ሰውዬ፣ በጭጋግም በዝናብም መንገድ ስቼ የማላውቅ፣ ሣር የሚግጥ እንስሳ ላይ መቀመጥ አቃተኝ! ጉድ ነው።

ፈረሱ ዳማ የአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት ሞላው። የፈረሰኞች ማኅበራችን የሟች አባል ቦታ ለልጁ ዓመት ይጠብቃል፤ ከዚያ ስሙ ከመዝገብ ይወጣል። የእኛ ጉዳይ የፊታችን እሑድ ስብሰባ ላይ ይታያል። ከተመዘገብኩ ዳማ የእኔ ነው። ካልተመዘገብኩ እናቴ ለአጎቴ ልጅ ለሙሉዓለም ትሰጠዋለች። ሙሉዓለም ደግሞ ዳንግላ ላይ ባለ ጋሪ ነው። አባቴ በየበዓሉ ግላስ አልብሶ ያወጣው ፈረስ ሲሚንቶ ሊጎትት!

የሚያስተምሩኝ አያ ፈንቴ ናቸው፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ የማኅበሩ ሽማግሌ። ደጃቸው ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በከዘራቸው እያመለከቱ ያዝዙኛል። "ልጓሙን አትጎትት! ፍሬን መሰለህ እንዴ?" ይላሉ። አዎ፣ መሰለኝ። ቁልቁለት ሳይ እጄም እግሬም ፍሬን ይፈልጋል፤ ምን ላድርግ?

ሚስቴ ትርንጎ ወገቤን በቅባት ስታሸኝ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። "ቀስ በይ!" ስላት ይብሳታል።

ማክሰኞ

የዛሬው ጥፋት የጫማ ነው። የአባቴ እርካብ የድሮ ነው፣ ጠባብ ቀለበት። አውራ ጣት ብቻ ነው የሚገባበት። እኔ ሆዬ የጫማዬን ጫፍ ሰንቅሬ ወጣሁ። ስወርድ አልላቀቅ አለኝ። ዳማ እየሄደ፣ እኔ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ተከተልኩት። ከመንገዱ ማዶ ድንች የሚቆፍሩ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ቆሙ። አንዷ በአገውኛ የሆነ ነገር አለች፣ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። አገውኛዬ ደካማ ነው፤ ለዚህኛው ግን አስተርጓሚ አልፈለግሁም።

"ጫማህን አውልቅ" አሉኝ አያ ፈንቴ። አወለቅሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አውራ ጣቴን ቀለበቱ ውስጥ ሳስገባ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርቻው ላይ ረጋሁ። አሥር እርምጃ ያህል ሄድን። ከዚያ ዳማ አስነጠሰ፣ እኔም አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ግን አልወደቅሁም። ይመዝገብልኝ።

ትርንጎ፦ "አርባ ሦስት ዓመት ተቀምጠህ አሁን? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

ሙሉዓለም ደወለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አራት ልጆች ያሳድጋል። "ወንድሜ፣ እንዳትሰበርብን። ፈረስ ቆሞ ሲቀለብ ይበላሻል። እኔ ጋ ሠርቶ ይበላል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ።

አንድ ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈረስ እፈራለሁ። ለዚህም ነው መኪና የወደድኩት። ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያጥፍ እኔም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ።

ረቡዕ

ሶምሶማ! ከአያ ፈንቴ በር እስከ ኮሶው ዛፍ፣ ሄጄ ተመለስኩ! ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ባርኔጣዬ ወድቆ፣ ግን ደረስኩ። የድንች ሴቶቹም አይተዋል። ዛሬ አልሳቁም፤ አንዷ እንዲያውም እልል አለች፣ ለፌዝ ይሁን ለምር እንጃ።

አያ ፈንቴ ከድንጋያቸው ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሊያነሡ ሲሉ ግራው ከትከሻቸው ሳይደርስ ቀረ። "እሰይ የወዳጄ ልጅ! ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። አንተ ብቻ ተደላድለህ ተቀመጥ!" አሉኝ። ቀጥለውም፦ "እሑድ ዋስህ እኔ ነኝ።"

አዲስ አባል ያለ ዋስ አይመዘገብም። ዋሱ ለሰውየው ጠባይም ለፈረሱም አያያዝ ይጠየቃል። ሌላ ሰው ቢሆን እግራቸው ላይ ይወድቅ ነበር። እኔ ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ለማለት እንኳ ጊዜ ፈጀብኝ።

ልጻፈው። እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ያንን ትከሻ የሰበርኩት እኔ ነኝ።

አራት ዓመት ሆነው። ፈረሰኞቹ ከቀብር ሲመለሱ አስፋልቱን ሞልተውታል። እኔ ወረፋዬ ሊያልፈኝ ስለሆነ ባዶ መኪና ይዤ እበራለሁ። ለቅሶ መሆኑን አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ክላክሱን ተጭኜ ያዝኩት። አንድ ጉራቻ ፈረስ በኋላ እግሩ ቆመ፣ ሽማግሌው ወደቁ። በመስታወት አየኋቸው። አልቆምኩም። ጭጋግ ስለነበር ታርጋዬን ያነበበ የለም። ዳንግላ መናኸሪያ ስደርስ "የባሕር ዳር መኪና ነው አሉ" ይባላል። እኔም "አሉ" አልኩ። አባቴ ማዕድ ላይ ያንን ሹፌር "እጁ ይሰበር!" ብሎ ሲረግም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጎርስ ነበር።

አያ ፈንቴ ከዚያ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ፈረስ ላይ ወጥተው አያውቁም።

ሐሙስ

ልምምድ የለም፤ ስምሪት ላይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሳሰላስል ዋልኩ። ሁለት ጊዜ ወራጅ አሳልፌ ተሰደብኩ።

ዝም ብሎ መመዝገብ አለ። የሰበርኳቸው ሰውዬ ስለ ጠባዬ ይምሉልኛል።

"አልቻልኩም፣ ይቅርብኝ" ማለት አለ። ዳማ ጋሪ ይጎትታል፣ የእኔም ነገር ተቀብሮ ይቀራል።

መናገር አለ። ያኔ ዋስ የለም፣ ማኅበር የለም፣ ፈረስ የለም፣ ምናልባት በዚያ ሰፈር ቀና ብሎ ማለፍም የለም።

ሁለተኛው ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። በዚያው ራሴን ጠላሁት።

ምሳ ላይ ለትርንጎ ነገርኳት።

"አንተ ነህ?" አለች። "አንተ ነህ? እኔ ገንፎ ተሸክሜ ሄጄ የጠየቅኋቸውን ሰውዬ?"

"አዎ።"

"ያደረስከኝስ አንተ አይደለህም እንዴ!"

አድርሻታለሁ። ሞተር ሳላጠፋ በር ላይ ጠብቄያት፣ "እንዴት ናቸው?" ብዬ ጠይቄያታለሁ። ይኼንንም አስታወሰችኝ። ሳህኑን አንሥታ ሄደች፣ ገና ሳልጨርስ።

አርብ

ሄድኩ። በእግሬ። መኪናዬን እዚያ ደጅ ማቆም አልቻልኩም።

አያ ፈንቴ ዳማን ከእናቴ ቤት አስመጥተው፣ አስጭነው ይጠብቁኛል። "ውጣ" አሉኝ። "የምነግርዎት ነገር አለ" አልኳቸው። "ከወጣህ በኋላ ትነግረኛለህ፤ ፀሐይዋ ሳትሄድብን።" ወጣሁ። ስለዚህ ፈረስ ላይ ተቀምጬ ነው የነገርኳቸው፣ እሳቸው ከታች ልጓም ይዘውልኝ። ከነገሩ ሁሉ እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

"ያንን ክላክስ የነፋሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

የትኛውን ክላክስ ብለው አልጠየቁም። ልጓሙንም አልለቀቁም።

"አይተኸኛል?"

"በመስታወት።"

"ስወድቅ ነው ስነሣ?"

"ሲወድቁ። ሲነሡ አላየሁም።"

"አልተነሣሁም። አንሥተውኝ ነው።"

ከዚያ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ለእኔ ሳይሆን ለፈረሱ። "ውረድ" አሉኝ። ወረድኩ። ኮርቻውን ራሳቸው ሊፈቱ ሞከሩ፤ ግራ እጃቸው አልደርስ አላቸው። ላግዛቸው ስዘረጋ "አትንካው!" ብለው ጮኹ። ዳማ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

"እንኳን አባትህ ይኼን ሳይሰማ ሞተ" አሉ በመጨረሻ። "ዋስ ብዬህ ነበር። ቃሌን አንሥቻለሁ።"

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ፣ በዚያ ከዘራ አንድ ቢያሳርፉብኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

ቅዳሜ

ሙሉዓለም እናቴ ጋ ሄዶ የዳማን ደረት በገመድ ለካ፣ ለጋሪው ማሰሪያ። እናቴ በስልክ ስትነግረኝ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "ለካው… ለካው…" የሚለው ብቻ ይሰማኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ነገ ስብሰባው ላይ አልሄድም ብዬ ቆረጥኩ። ምን ልሠራ?

ትርንጎ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። "ትሄዳለህ" አለች። "ለመመዝገብ አይደለም። ድንጋይ ተሸክመህ ትሄዳለህ።"

በእኛ አገር የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ፊት ይቆማል፣ "አውርድ" እስኪባል። ለሌላ ሰው ሲደረግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በራሴ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጓሮ ወጥቼ አንዲት ልከኛ ድንጋይ መረጥኩ። ትርንጎ በመስኮት አየችኝ። "ይቺ ምንድን ናት? ጉልቻ ልትሠራ ነው? ያኛውን አንሣ!" ያኛው የበራችን መደገፊያ ነው። "ወገቤ!" አልኳት። "ዳማ ሲያፈርጠው የሰነበተ ወገብ ይኼን አይችልም?" አለች። ፊቷ ግን አልሳቀም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ፣ ፈረሶቻቸውን ዳር አስረው። በባዶ እግሬ ሄጄ፣ ድንጋዩን ተሸክሜ፣ አያ ፈንቴ ፊት ቆምኩ። "ክላክሱን የነፋሁት እኔ ነኝ። አይቼ ያመለጥኩትም እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። አንዱ "በለቅሶ ላይ!" ብሎ ብድግ አለ፤ ጎትተው አስቀመጡት።

አያ ፈንቴ ቀና ብለው አላዩኝም። "ስብሰባው ይቀጥል" አሉ።

ቀጠለ! የፈረስ መድኃኒት ተነሣ። የጥር ወር የፈረስ በዓል ተነሣ። በግላስ ቀለም ላይ ክርክር ተነሣ፣ ቀይ ይሁን አረንጓዴ እያሉ፣ እኔ የበር ድንጋይ ተሸክሜ። ላቡ ዓይኔ ገባ፣ መጥረጊያ እጅ የለኝም። አንድ ጊዜ ጥዬው ልሄድ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ልጻፍ። ሁለተኛ መሸሽ ይሆንብኛል ብዬ ነው የቻልኩት።

በመጨረሻ ጸሐፊው የአባቴን ስም ጠራ። "ለልጁ ዋስ የሚሆን አለ?"

ሁሉም ወደየፈረሱ ዞሮ አየ።

አያ ፈንቴ ተነሡ። "እኔ ዋስ አልሆነውም" አሉ። "ማኅበሩ ከፈቀደ ግን ዓመት ያለ ዋስ እንየው። ለቅሶም ይሁን በዓል፣ በአስፋልት ስንሄድ ከሁላችን ኋላ፣ መኪና በሚያልፍበት በኩል ይሂድ። መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ይሁን። ክላክስ ሲነፋበት ፈረሱን ይዞ ይቁም። ከቆመ በዓመቱ እንነጋገራለን። ከሸሸ ፈረሱ ለጋሪው።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ይሁን" አሉ።

"አውርድ" አሉኝ አያ ፈንቴ። አወረድኩ። ልስማቸው ጠጋ ስል ፊታቸውን አዞሩ። ከታረቁ መሳሳም ነው ወጉ፤ አልሳሙኝም። ሰው ሲበተን ግን ወደ ፈረሳቸው ሄዱና ዘወር ብለው "ና፣ አውጣኝ" አሉኝ። በግራ ብብታቸው ገብቼ ደግፌ አወጣኋቸው። ሲወጡ አቃሰቱ። ያንን ማቃሰት አራት ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው ሲሰማው ኖሯል፤ እኔ ዛሬ ሰማሁት።

ማክሰኞ የአንድ አባል ሙት ዓመት አለ፣ በጥሊሊ መንገድ። የጭነት መኪና የሚበዛበት መንገድ ነው። ሹፌሮቹን አውቃቸዋለሁ፤ እንደ እኔ ናቸው።

ቤት ስገባ ትርንጎ በር ላይ ቆማለች። ያሉትን ሁሉ ነገርኳት።

"እና ማክሰኞ ትወጣለህ?"

"እወጣለሁ" አልኳት። "ግን ፈርቻለሁ።"

በትዳራችን ይቺን ቃል ከአፌ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።