በር ላይ የያዝኩት ጫማ

አዋሳ፣ ጥር 1975 ዓ.ም.

ለአንድዬ ልጄ፣

የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽ? የሞጆ አቧራ ሳልሽን አልቀሰቀሰብሽም? አክስትሽ አስካለስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ በጤናዬ በኩል ደህና ነኝ፤ መላጊያዬን እገፋለሁ፣ ከእናትሽ ሞት ወዲህ እንደለመድኩት ሽሮዬንም አሳርራለሁ። ደብዳቤው ዓሣ ዓሣ ቢልሽ አትቀየሚኝ። በፖስታ ቤት የሚላክ ስላልሆነ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ዓሣ ለሚጭነው ለሹፌሩ ለኩማ ሰጥቼው ነው። አንብበሽ አቃጥዪው።

እህታችን ታቢታ ጽፋልሽ ኖሯል። እውነቷን ነው፤ በቤቷ ተደብቀን የጌታን እራት ስንወስድ ጽዋው ሲደርሰኝ ሳልቀምስ አሳለፍኩት። ምን ሆነህ ነው ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ልንገርሽ። አንቺ ለመፈክር እጄን አላነሳም ብለሽ ታስረሽ ሳለ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ቤተ ክርስቲያናችንን ካሸጉ በኋላ አግዳሚዎቹን ወደ አዳራሻቸው እንደወሰዱ ታውቂያለሽ፤ እኔው የሠራኋቸውን። ፊተኛው ላይ አስቀመጡኝ። ሊቀ መንበሩ ባህሩ ከስብሰባው በፊት ሥራ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው እኔ ካነሳሁ ሌላውም አማኝ እንደሚያነሳ ነግሮኝ ነበር። ስለ አንቺ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አላስፈለገውም።

መፈክሩ ሲጀመር ግራ እጄን ጨብጬ አነሳሁ። ከሁሉም በላይ አብዮቱ አልኩ። ከሁሉም በላይ አንድ ጌታ ብቻ ነው፣ አማኝ ይህን መፈክር አይልም ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔ፣ ድምፄን እንኳ ዝቅ አላደረግሁም። ወንድማችን ማቴዎስ ከኋላዬ ነበር። እሱ አላነሳም፤ ወስደው ገርፈው በሳምንቱ ለቀቁት። ያን ዕለት ዞሬ ላየው አፍሬ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ስንወጣ ባህሩ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ፖሊስ ጣቢያው ስሄድ ጫማ እንድይዝልሽ ነገረኝ።

ልጄ፣ ስትፈቺ በጣቢያው በር ላይ ሸራ ጫማሽን ይዤ ስታገኚኝ፣ መፈታቴን እንዴት አወቅህ ብለሽ አለቀስሽ። ጌታ ገልጦልህ ነው አይደል አልሽኝ። እውነቱን ሳልነግርሽ ጎንበስ ብዬ የጫማውን ክር ፈታሁልሽ። አሁን በየሄድሽበት ይህንኑ ትመሰክሪያለሽ አሉ፤ ሰውም አሜን ይላል። እዚህ ሲነገርም እኔ ከሰው ጋር አሜን ብያለሁ። ካነሳሁት እጅ ይልቅ ያ አሜን ያሳፍረኛል።

ማቴዎስ ከነቁስሉ መጥቶ አላንጓጠጠኝም። ባላደረግሁት ኖሮ በል፣ ንስሐ ግባና አብረን እንቁረስ አለኝ። ልል አፌን ከፈትኩ። ያበጠው እግርሽ አልገባ ብሎ የጫማውን ተረከዝ ረግጠሽ እያነከስሽ የሄድሽው ታየኝ። ባላደረግሁት ማለት አቃተኝ። ስለ አብርሃም ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ! ባንድ ልጁ እንዳልሰሰተ እያነሳሁ ሰውን አስለቅሻለሁ። እኔ ሰሰትኩ። ነገ ቢጠሩኝም ያንኑ እጅ አነሳለሁ፤ ይህን እያወቅሁ ጽዋውን እንዴት ልንካው? በጌታ ፊት አፍሬያለሁ፤ አንቺን ግን መልሼ አልሰጥም።

አንቺ እጅሽን ሳታነሺ ወጥተሻል። እሱ እውነት ነው፣ እሱን መስክሪ። የጫማውን ነገር ብቻ ተዪው።

አክስትሽን ሳሚልኝ። እግዚአብሔር እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልሽ፤ እኔ ያጎደልኩትን በአንቺ ይሙላ። ስትጸልዪ ስሜን አትርሺ። ስለ አንቺ መጸለይ አላቆምኩም፤ ስለ ራሴ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኛል።

የጫማሽ ሶል ከለቀቀም በኩማ ላኪልኝ፣ አሰፋልሻለሁ።

አባትሽ