መጥረቢያ የሚይዝልኝ ሰው

ጥር 4
የኳስ ልምምድ። ጉልበቴ ዛሬም አስቸገረኝ። የማሠለጥናቸው ዓሣ አጥማጆች ከሐይቁ ደክመው መጥተውም ሮጡ። በረኛው ኦቾላ ግን እንደገና አረፈደ። ለእሁድ ተጠባባቂ አደረግኩት። የሟች ወንድሜ ልጅ ነው... ፊቱን አጠቆረብኝ።

ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ። እኔ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ወዳለችው የኪራይ ክፍሌ።

ጥር 6
አጎቴ ራዲንግ መጡ። «ናይሮቢ ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብልህ ኖረ። እዚህ በአባትህ አገር ግን ግቢ የለህም። ብትሞት የት ልንቀብርህ ነው?»

እውነታቸውን ነው። የራሱን ግቢ ያላቀና ሰው እዚህ እንግዳ ነው። መሬቱስ አለ። ግን ወግ አለው፤ አባወራው አውራ ዶሮ፣ የበኩር ልጅ መጥረቢያ፣ ሚስት እሳት ይዘው ነው የሚገባው። ሚስቴ አፈር ከገባች ቆየች። «ለእሳቱ መላ አይጠፋም፤ ያለ ልጅ ግን አይሆንም» አሉኝ።

ጥር 9
ሞምባሳ ላለው የበኩር ልጄ ለኦዱዎል ደወልኩ። «አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ... በዚህ ዘመን መጥረቢያ?» ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩ ሲዘጋ እንባዬ መጣ። ለማን ይነገራል?

ጥር 11
አጎቴ፣ «የወንድም ልጅም ልጅ ነው» አሉ። ኦቾላን ጀልባው ጋ አገኘሁት።

«እሁድ ካሰለፍከኝ እመጣለሁ» አለ፣ መረቡን እየጠገነ።

«በረኝነት በዝምድና አይሰጥም።»

«እንግዲያው መጥረቢያህን ራስህ ተሸከም፣ ጋሼ!»

አጥማጆቹ በሳቅ ሞቱ። አንድ እሁድ ባሰልፈው ምን ነበረበት? ግን ሌላው በረኛ ቀን በቀን ሲለፋ እያየሁ... እንዴት ብዬ?

ጥር 14
ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን። ኦቾላን አላሰለፍኩትም፤ ሰላም እንኳ አላለኝም።

ጥር 16
ጠዋት ዶሮዬን አቅፌ መሬቱ ዳር ቆምኩ። አጎቴ መንገድ መንገዱን ያያሉ። አክስቴ በሚስቴ ፋንታ ፍሙን በሸክላ ይዛለች። በቃ ልመለስ ስል ኦቾላ ብቅ አለ፣ መጥረቢያ በትከሻው።

«እዚህም አረፈድኩ። እንደተቀየምኩህ ነኝ ግን፣ እወቀው!»

ከኋላው ቡድኑ በሙሉ፣ ግንድና ሣር ተሸክሞ። በወጉ ጎጆው በዚያው ቀን መቆም አለበት። ቆመ።

ጥር 17
ቤቱ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ብቸኝነቱ እንዳለ ነው... ዛሬም ብቻዬን በላሁ።

ከሰዓት ኦዱዎል ደወለ። «የት ነህ?» አለኝ። ድሮም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። አንዴ ሆቴል፣ አንዴ ካምፕ፣ አንዴ ኪራይ ቤት እለው ነበር።

«ቤት ነኝ።»

«የማን ቤት?»

«የእኛ። ስትመጣ ኦቾላ ያሳይሃል።»