በጋዜጣ የሸፈንኳቸው ሥዕሎች

ውድ አያልነህ፣

ለንስሐ አባቴም ለልጃችንም ነግሬው የማላውቀውን ልንገርህ። ሥዕሎችህን ይሁኔ አልሰረቃቸውም። ግድግዳ ላይ የለጠፍኳቸው እኔ ነኝ።

ከተለየኸኝ አራት ዓመት አለፈ። የቤቱ ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ልጃችን ትርንጎ ተድራለች። ያ ግድግዳ ግን እስካለፈው ወር እንዳለ ነበር።

ፈተና ልታስፈትን ጉንደ ወይን የሄድክበት ሳምንት ትዝ ይልሃል? ፋሲካ ደርሶ ግድግዳውን ጋዜጣ እለጥፍ ነበር። ጭቃው ተሰነጣጥቆ ጋዜጣው አልበቃኝ አለ። አልጋ ሥር የወረቀት ጥቅል አገኘሁ፤ ስለ አባይ በረሃው ሹፌር የሣልከው የሥዕል ታሪክ ነው። ማተሚያ ቤት ሊሄድ የተዘጋጀ መሆኑን አላወቅሁም። እርሳሱ ከቀለሙ ሥር ይታያል፣ እዚህም እዚያም ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ጠርዙ ተሞነጫጭሯል። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ተበላሽቶብህ የተውከው መሰለኝ። በዱቄት ሙጫ ስንጥቁ ላይ ለጠፍኩና ጋዜጣ ደረብኩበት።

ስትመለስ ቤቱን ገለባበጥከው። ይሁኔ መጥቶ ነበር ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። መጥቶ ነበር፤ በር ላይ ሰላም ብሎኝ ሄዷል። ፊትህን አይቼ ፈራሁና አዎ አልኩህ። ሌላ አልጨመርኩም። በዚያች አንድ ቃል የልጅነት ጓደኛህ ሌባ ሆነ። አንተም ከዚያ ወዲህ አልሣልክም። ለቀብርህ ሲመጣ ወንድሞችህ ከቤተ ክርስቲያኑ በር መለሱት፤ እኔ እያየሁ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ፊደል የለየሁት በትርንጎ ደብተር ነው፤ ምን እንደሸፈንኩ ለማወቅ።

ባለፈው ወር ትርንጎ አዲስ አበባ ወሰደችኝ። ከመጣላታችሁ በፊት ለይሁኔ በስጦታ የሰጠኸው አንድ የሥዕል ገጽ ለጨረታ ቀርቦ ነበር። አጫራቹ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ እርሳሱንና ነጩን ቀለም በጣቱ አሳየ፤ የሠዓሊው የራሱ እጅ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው አለ። ከኋላዬ ከተቀመጡት የድሮ ባልደረቦችህ አንዱ፣ «ቆይ ብቻ፣ ሌባው የቀሩትንም አንድ በአንድ ያወጣቸዋል» ብሎ ሳቀ። ይሁኔ ፊት ወንበር ላይ ነበር፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ሰምቶ አልዞረም። እኔም አልተነሳሁም።

ቤት ገብቼ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ ሦስት ቀን ፋቅሁ። ወረቀቱን ምስጥ ጨርሶታል። የሹፌሩ አንድ እጅ ወጣልኝ፣ መሪ እንደያዘ። ሌላው ከጭቃው ጋር እየተፈረፈረ ወረደ። የሚመለስ ነገር የለም አያልነህ፤ ሥዕሉም፣ አንተም፣ የእናንተ ወዳጅነትም።

እስካለሁ አስብሃለሁ፤ ተዝካርህን ሳወጣም ይህን ውሸት ይዤ እንደነበር አልረሳም። ይቅር በለኝ ብልህ መልስህ አይደርሰኝም። መልስ ሊሰጠኝ የሚችል አንድ ሰው ቀርቷል፤ ደጀን ከተማ ብቻውን ይኖራል። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄጄ እነዚህን የደብዳቤ ገጾች በእጁ የምሰጠው ለይሁኔ ነው።